ኢንተርኔት በሌለበት የሰርቨር ፈርምዌር እንዴት ይዘመናል?

የምሠራበት መጋዘን ቱሉ ዲምቱ፣ ከአዳማ የፍጥነት መንገድ መግቢያ ብዙም ሳይርቅ ነው። ሰርቨሮቹ ከኢንተርኔት ጋር እንዲገናኙ አልተፈቀደም፤ ቢፈቀድም መንገድ ሲቆፈር የማይበጠስ ፋይበር የለም። ስለዚህ ፈርምዌሩ፣ ማለትም የሰርቨሩ ክፍሎች ውስጥ ተጽፎ የሚያንቀሳቅሳቸው ፕሮግራም፣ ከመሀል ከተማ በፍላሽ ተጭኖ በሚኒባስ ታክሲ ይመጣል። የምጽፈው ፓወርኤጅ ስለሚባሉት የዴል ሰርቨሮች ነው።

አስቀድማችሁ የሰርቨሩን ሞዴልና የተጫኑትን የፈርምዌር ቁጥሮች ያዙ። እኔ የአይድራኩን (ሰርቨሩን ከርቀት ለመቆጣጠር የሚያገለግለውን ክፍል) ገጽ በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ።

ከዚያ ኢንተርኔት ባለበት ኮምፒውተር ላይ ሪፖዚተሪ ማኔጀር የተባለውን የዴል ፕሮግራም ክፈቱና ሞዴሉን ምረጡ። ቀጥሎ የፓኬጁን ዓይነት ትመርጣላችሁ። እኔን ጉድ የሠራኝ ይህ ምርጫ ነው።

ሰርቨራችን የሚሠራው በሊኑክስ ነውና ሳላመነታ «ሊኑክስ» አልኩ። ሌሊቱን ሳወርድ አድሬ ጠዋት ከቃሊቲ ተሳፈርኩ። ሰርቨሩን አጥፍቼ አስነሳሁ፤ ኤፍ10 ተጭኜ ላይፍሳይክል ኮንትሮለር የተባለው የሰርቨሩ ማዘመኛ ውስጥ ገባሁ፤ ፍላሹን ሰጠሁት። የሚጫን ነገር አላገኘም። ፍላሹን ነቅዬ ሰካሁ፣ ሶኬት ቀየርኩ፤ ያው ነው። ውጭ ሦስት የጭነት መኪናዎች ቆመዋል፤ የመጋዘኑ ኃላፊ በየአምስት ደቂቃው በሩን ገፋ አድርገው «እህ ልጄ፣ አልተነሳም?» ይሉኛል።

ለካ ላይፍሳይክል ኮንትሮለር ሥራውን የሚጀምረው ሊኑክስም ዊንዶውስም ከመነሳቱ በፊት ነው፤ የሚያነበው ደግሞ ስሙ በኢኤክስኢ የሚያልቀውን የዊንዶውስ ፓኬጅ ነው። የእኔ በሙሉ ስሙ በቢን የሚያልቅ የሊኑክስ ፓኬጅ ነበር። ሰርቨሩ ላይ ምንም ይጫን ምን፣ በኤፍ10 የምታዘምኑ ከሆነ የዊንዶውስ 64 ቢት ፓኬጅ ምረጡ። ቢኑ የሚያገለግለው ሊኑክሱ ውስጥ ገብታችሁ ስታስኬዱት ነው።

ፍላሹን በፋት32 ፎርማት አድርጉና ፓኬጆቹን ከነካታሎግ ፋይላቸው (ከነዝርዝራቸው) ገልብጡ። ፎልደሮቹን ላሳምር ብላችሁ አታዘዋውሩ፤ ካታሎጉ እያንዳንዱን ፋይል የሚፈልገው በተመዘገበለት ቦታ ነው። ካታሎጉ ፎልደር ውስጥ ካለ ኤፍ10 ላይ አድራሻውን ጻፉ፤ ከሁሉም ፎልደር ውጭ ከሆነ ሳጥኑን ባዶ ተዉት።

ባክአፕ ስለመያዝ አልሰብክም። መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩን በባትሪ የሚያቆየውን ዩፒኤስ ግን ከአንድ ቀን በፊት ከግድግዳው ነቅላችሁ ፈትኑ። በእኛ ሰፈር መብራት ሳያስጠነቅቅ ይሄዳል፤ ባዮስ (ሰርቨሩን የሚያስነሳው ፈርምዌር) እየተጻፈ ከሄደ ደግሞ ማዘርቦርዱን ይዞት ሊሄድ ይችላል።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ ምልክት አድርጎ ማስጀመር ይቻላል፤ እኔ አላደርገውም። አንዱ ቢበላሽ የትኛው እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁና መጀመሪያ አይድራክን ብቻውን፣ ከዚያ ባዮስን፣ በመጨረሻ ዲስኮቹን የሚያስተዳድረውን የሬይድ ካርድና የኔትወርክ ካርዶቹን አዘምናለሁ። አይድራክ ሲታደስ ራሱን አጥፍቶ ስለሚነሳ ለጥቂት ደቂቃዎች ከኔትወርኩ ይጠፋል። ደንግጣችሁ ገመድ እንዳትነቅሉ።

ሲያልቅ አዲሶቹን ቁጥሮች ከስልኩ ፎቶ ጋር አስተያዩ። አዲሱ ካስቸገረ እዚያው ኤፍ10 ውስጥ ወደ ቀድሞው የሚመልስ ምርጫ አለ።