ከአንድ ጋላክሲ መሀል ሁለት የከዋክብት ጅረት መለየት

የጋላክሲ እምብርት ማጥናት ለሚጀምር ሰው ሁልጊዜ የምሰጠው ኤንጂሲ 4550 የተባለውን ጋላክሲ ነው። በሰንቡላ ኅብረ ከዋክብት አቅጣጫ ወደ 50 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቆ ይገኛል፤ እንደ ምስር ፍሬ መሀሉ ወፍሮ ጠርዙ የሳሳ፣ ክንድ የሌለው፣ ሌንቲኩላር የሚባለው ዓይነት ነው። ፎቶግራፉን ብቻ ያየ ሰው አልፎት ይሄዳል።

በላ ፓልማ ደሴት በዊልያም ሄርሼል ቴሌስኮፕ ላይ ሳውሮን የተባለው መሣሪያ የሰበሰበውን መረጃ በነፃ ማግኘት ይቻላል። በውስጡ እያንዳንዱ የጋላክሲው ነጥብ የራሱ ስፔክትረም፣ ማለትም በሞገድ ርዝመት የተዘረዘረ ብርሃን አለው። ጠርዙ ላይ ብርሃኑ ደካማ ስለሆነ የጎረቤት ነጥቦችን ደምሩ። መሀሉን ግን አትንኩት፤ የምትፈልጉት ዝርዝር ያለው እዚያ ነው።

ቀጥሎ እንቅስቃሴው። ማይልስ ከተባለው የ985 ከዋክብት ስብስብ ስፔክትረሞችን ወስዳችሁ ከጋላክሲው ጋር እስኪገጥሙ አንሸራቷቸው፣ አስፏቸውም። በ500 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ላይ የ0.1 ናኖሜትር መንሸራተት በሰከንድ 60 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። መንሸራተቱ አማካይ ፍጥነትን፣ ስፋቱ የፍጥነት ስርጭትን፣ ማለትም የከዋክብቱ ፍጥነት ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቅ ይነግራችኋል።

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። የዚህ ጋላክሲ አማካይ ፍጥነት በጣም ትንሽ ስለሆነ የማይሽከረከር ይመስላል። የገበያ ቀን መንገድን አስቡ፤ ሂያጁና ተመላሹ እኩል ከሆኑ አማካዩ ዜሮ ነው፣ መንገዱ ግን በሰው ተጨናንቋል። የሚያጋልጠው ስርጭቱ ነው። በአብዛኞቹ ጋላክሲዎች መሀል ላይ አንድ ጫፍ ሲኖረው፣ እዚህ ከመሀሉ ግራና ቀኝ ሁለት ጫፎች ይታያሉ። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዋ ቬራ ሩቢን በ1992 ከባልደረቦቿ ጋር ያሳየችው ይህንኑ ነው፦ በአንድ ቦታ ተደራርበው በተቃራኒ አቅጣጫ የሚዞሩ ሁለት የከዋክብት ዲስኮች። ስለዚህ ሁለት የከዋክብት ክፍሎች እንዳሉ አድርጋችሁ ስሌቱን ድገሙት፤ አንደኛውን ከአዎንታዊ፣ ሌላውን ከአሉታዊ ፍጥነት አስጀምሩ፤ አለዚያ ሁለቱም አንድ ቦታ ይወድቃሉ።

የከዋክብቱን ዕድሜ ለማወቅ በ486.1 ናኖሜትር ያለውን የሃይድሮጅን ጥቁር መስመር፣ ለብረታ ብረት ይዘት ደግሞ በ517 አካባቢ ያለውን ማግኒዚየምና በ527 ያለውን ብረት ተመልከቱ። ቀለም ብቻውን አይበቃም፤ በብረታ ብረት የበለጸገ ወጣት ኮከብ ከድሃ ሽማግሌ ጋር ይመሳሰላል። እኔ በጀማሪነቴ ሦስት ሳምንት ያባከንኩት እዚህ ነበር። በ500.7 ናኖሜትር ያለውን የኦክስጅን ደማቅ መስመር ችላ ብዬ፣ የጋዙ ብርሃን የሃይድሮጅኑን ጥቁር መስመር ሞልቶት፣ ከዋክብቱ ሁሉ እጅግ አርጅተው ታዩኝ። ጋዙን የራሱን ፍጥነት ሰጥታችሁ ከከዋክብቱ ጋር በአንድ ላይ አስሉት። በኤንጂሲ 4550 ጋዙ የሚዞረው ከአንደኛው ዲስክ ጋር ነው፤ በ2013 የወጡ ጥናቶችም ያ ዲስክ ከሌላው በዕድሜ የሚያንስ መሆኑን አግኝተዋል። ጋዙ ዘግይቶ ከውጭ ገብቶ ከዋክብቱን ወልዷል የሚለውን ሐሳብ የምቀበለው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ገደብ አለ። መሣሪያው ራሱ መስመሮቹን በሰከንድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ያሰፋቸዋል። ትክክለኛው መሀል ላይ የሁለቱ ዲስኮች ፍጥነት ስለሚቀራረብ እዚያ ለመለየት አትሞክሩ፤ ከግራና ከቀኝ ያገኛችሁትን ውጤት ብቻ ያዙ።