የመብራትና የውሃ ቢል ከጠበቅነው በላይ ሲመጣ የምንሠራቸው ስህተቶች

በኮዬ ፈጨም ይሁን በቦሌ አራብሳ፣ በቱሉ ዲምቱም ይሁን በየካ አባዶ፣ ወር ሲያልቅ የሚሰማው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፤ «ምን ተጠቀምንና ይህን ያህል መጣብን?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ብዙውን ጊዜ እዚያው ቢሉ ላይ ተጽፏል።

ትልቁ ስህተት ጠቅላላ ድምሩን ብቻ አይቶ መበሳጨት ነው። ከብሩ በፊት መታየት ያለባቸው ያለፈው ንባብና የአሁኑ ንባብ ናቸው፤ ልዩነታቸው ፍጆታችሁ ነው። ቢሉን ይዛችሁ ቆጣሪው ዘንድ ሂዱ። ቆጣሪው የሚያሳየው ቁጥር ቢሉ ላይ ከሰፈረው የአሁን ንባብ ካነሰ፣ ገና ያልተጠቀማችሁበትን እየተጠየቃችሁ ነው። በልጦ ከተገኘና ልዩነቱ ከንባቡ ወዲህ ባሉት ቀናት ልክ ከሆነ ግን ንባቡ ትክክል ነው፤ ምክንያቱ ሌላ ቦታ ይፈለጋል። የውሃ ቆጣሪ ላይ ጥቁሮቹን አኃዞች ብቻ አንብቡ፤ ቀዮቹ የሜትር ኪዩብ ክፍልፋዮች ናቸው።

የቆጣሪ አንባቢውን ነገር ችላ ማለትም ዋጋ ያስከፍላል። በአዲስ አበባ ዳር የሚኖር ሰው ማልዶ ወጥቶ ማታ ስለሚገባ አንባቢው ሲመጣ በሩ ዝግ ነው። ያን ጊዜ ንባቡ በግምት ይሞላል ወይም ወደ ሚቀጥለው ወር ይዞራል። አንድ ቤተሰብ በወር 90 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠቀማል እንበል። የሁለት ወሩ ተጠራቅሞ በአንድ ቢል ሲመጣ 180 ይሆናል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተከፈለ ነው፤ እስከ 50፣ ከዚያ እስከ 100፣ ከዚያ እስከ 200 እያለ ሲወጣ የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም አብሮ ይወጣል። ስለዚህ ይህ ቤተሰብ ሳይገባው በላይኛው እርከን ሊታሰብበት ይችላል። እንዲህ ያለ ቢል ሲደርሳችሁ ፍጆታው ለሁለቱ ወራት ተከፋፍሎ እንዲታሰብ ጠይቁ። ቆጣሪውን በየወሩ በተመሳሳይ ቀን በስልካችሁ ፎቶ የማንሳት ልማድ ካላችሁ ደግሞ ማስረጃው በእጃችሁ ነው።

«አጠቃቀማችን አልተለወጠም፣ ስለዚህ ሒሳቡም ሊለወጥ አይገባም» ማለትም ያሳስታል። ከመስከረም 2017 ጀምሮ የመብራት ታሪፍ በአራት ዓመት ውስጥ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተደርጓል። አጠቃቀሙም ቢሆን ሳናስተውለው ይለወጣል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ነጥብ 5 እስከ 4 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቢግል 7 ወይም 8 ኪሎ ዋት ሰዓት በላ ማለት ነው። ለበዓል እንግዳ የበዛበትን፣ እንጀራም ደጋግሞ የተጋገረበትን ወር ከዚያ በፊት ከነበረው ጋር ማወዳደር ትክክል አይሆንም።

በውሃ በኩል ብዙውን ጉዳት የሚያደርሰው ሌሊት የሚሆነው ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች ቧንቧው ደርቆ ሳለ ተከፍቶ ይረሳል፤ ውሃው እኩለ ሌሊት ሲለቀቅ ሰው ተኝቷል። የሮቶው ተንሳፋፊ ከተበላሸም ሮቶው ሞልቶ እስኪነጋ ይፈሳል፤ ጠዋት የሚገኘው ረጥቦ የቆየ መሬት ብቻ ነው። ሁሉንም ቧንቧ ዝጉ፣ ሮቶው መሙላቱንም አረጋግጡ፤ ከዚያ ቆጣሪው ላይ ያለችውን ትንሽ ተሽከርካሪ ተመልከቱ። እየዞረች ከሆነ አንድ ቦታ ይፈሳል፤ የመጸዳጃ ቤቱን ውሃ መልቀቂያ ሳታዩ አትለፉ። ይህን ሙከራ ውሃ በሚመጣበት ሰዓት አድርጉት፤ መስመሩ ባዶ ሲሆን ምንም አያሳይም። በአዲስ አበባ የደረቅ ቆሻሻ አገልግሎት ክፍያ የውሃ ሒሳቡን መሠረት አድርጎ በፐርሰንት ስለሚሰላ፣ የፈሰሰው ውሃ ያንንም አብሮ ያሳድገዋል።

በአንድ ቆጣሪ ብዙ ተከራይ በሚኖርበት ግቢ ደግሞ አከራዩን በሌብነት ለመጠርጠር መቸኮል አለ። የአራት ቤተሰብ ፍጆታ ሲደመር የላይኛው እርከን ላይ ስለሚወጣ፣ ማንም ምንም ሳይሰርቅ የእያንዳንዱ ድርሻ ለብቻው ቆጣሪ ቢኖረው ከሚከፍለው ይበልጣል። ቢሉን «ጋሼ፣ እስቲ ያሳዩን» ብሎ በጋራ ማንበብ ጠብ ያስቀራል። አከራዮችም ቢሉን ሳያሳዩ ድርሻ መጠየቃቸውን ቢተዉ መልካም ነው፤ ከፋዩ የሚከፍልበትን የማየት መብት አለው።

የአገልግሎት ክፍያ፣ የቆጣሪ ኪራይ፣ ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚሉትን ትንንሽ መስመሮች ስህተት ናቸው ብሎ መደምደም አያስፈልግም። በአዋጅ ቁጥር 1341/2016 መሠረት ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነ የቤት ፍጆታ ታክስ ይከፈልበታል። መጠየቅ ያለበት «ውዝፍ» የሚለው መስመር ነው። የየትኛው ወር ነው? ደረሰኙ በእጃችሁ ካለ ወይም በቴሌብር የከፈላችሁበት መልእክት ከተገኘ ይሰረዛል።

ተናዶ ሳይከፍሉ መቅረት ግን አይበጅም፤ ውዝፉ እየተጠራቀመ መስመሩ ይቆረጣል፣ ማስቀጠያውም ሌላ ወጪ ነው። ገንዘብ ተቀባዩ ላይ መጮህም ከንቱ ነው፤ እሱ ይቀበላል እንጂ ሒሳብ አያርምም። ቅሬታው የደንበኛ ቁጥርና የቆጣሪው ፎቶ ተያይዞ በጽሑፍ ለደንበኞች አገልግሎት ማዕከል ይቅረብ፤ ለመብራት በ905 መደወልም ይቻላል። የተቀበላችሁን ሠራተኛ የቅሬታውን የመዝገብ ቁጥር ሳትጠይቁ አትውጡ።

አዲስ ቤት የምትከራዩ ከሆነ፣ ቁልፍ በተረከባችሁበት ቀን የሁለቱን ቆጣሪዎች ንባብ በውሉ ላይ አስጽፉ፤ የቀድሞው ተከራይ ውዝፍ ካለም ከመፈረማችሁ በፊት አከራዩ ይክፈል።