አባይ በረሃን ሲወጡ የሚሞቁ አነስተኛ ኤስዩቪ መኪኖች፦ ችግርና መፍትሄ

ደብረ ማርቆስ ላይ ራቭፎርና ቪታራን የመሳሰሉ መኪኖችን መጠገን ከጀመርኩ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። እነዚህ መኪኖች በአግባቡ ከተያዙ 15 እና 20 ዓመት ያገለግላሉ፤ ከ300,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሄደው ቴስታታቸው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) አንድም ቀን ያልተፈታ በእጄ አልፈዋል። ሞተራቸው ያለ ዕድሜው ተጎድቶ ወደ እኔ ከመጡት ባለቤቶች ግን አብዛኞቹ የሚነግሩኝ ታሪክ አንድ ነው፦ ከአባይ ድልድይ ተነሥቼ ደጀን ልደርስ ስል ሞቀችብኝ። የዘይት መጠን፣ ቺንጋና የማራገቢያውን ፊውዝ ማየት አንባቢው የሚያውቀው ነገር ስለሆነ አልመለስበትም።

ምልክቱ፦ ሜዳ ላይ ጤነኛ፣ ዳገት ላይ የምትፈላ

መኪናዋ ከደብረ ማርቆስ ፍኖተ ሰላም ደርሳ ስትመለስ የሙቀት መለኪያው ከመሃል ንቅንቅ አይልም። የአባይን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ደጀን በሚወጣው ረጅም ዳገት አጋማሽ ላይ ግን መርፌው መነሣት ይጀምራል። ቆም ብለው ኮፈኑን ሲከፍቱ የትርፍ ውሃ መያዣው ሞልቶ ይንተከተካል፤ ሞተሩ በርዶ ራዲያተሩ ሲታይ ደግሞ ውሃው ጎድሏል። በማግስቱ ጠዋት የላይኛው የራዲያተር ጎማ አየር እንደተሳበበት ሁሉ ተጨምድዶ ይገኛል። እነዚህ ሦስቱ አብረው ከታዩ፣ ወደ ራዲያተሩም ሆነ ወደ ውሃ ፓምፑ ከመሄድዎ በፊት የራዲያተሩን ክዳን በእጅዎ ይዘው ይመርምሩት።

ምክንያቱን መረዳት ተገቢ ነው፤ ምክንያቱን የማያውቅ ሰው ክዳኑን እንደ ተራ መክደኛ ይቆጥረዋልና። ውሃ በባሕር ወለል ከፍታ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ድልድዩ ላይ በ96 ዲግሪ አካባቢ፣ ደጀንና ደብረ ማርቆስ ላይ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የአብዛኞቹ ሞተሮች ጤናማ የሥራ ሙቀት ደግሞ ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ክዳኑ ግፊት መያዝ ካቆመ፣ ምንም ያልተበላሸ ሞተር በተለመደው ሙቀቱ ላይ ሆኖ ውሃውን ያፈላል ማለት ነው፤ ዳገቱን በወጡ ቁጥር ሞተሩ ይበልጥ እየሠራ፣ የውሃው መፍያ ደግሞ እየወረደ ይሄዳል። ጤነኛ ክዳን፣ ማለትም ላዩ ላይ 1.1 የሚል የግፊት ቁጥር ያለበት፣ ግፊቱን አምቆ ይህንን የመፍያ ሙቀት ከ115 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። በእኛ አገር ከፍታ መኪናዋን ከመፍላት የሚለያት ይህ የክዳኑ ጎማና ስፕሪንግ ነው።

ከቢቸና የመጣ አንድ መምህር መኪናው ስትሞቅበት በሌላ ጋራዥ ራዲያተር አስቀይሯል፣ የውሃ ፓምፕ አስቀይሯል፣ ማራገቢያውንም አስፈትሿል። ክዳኑን ገልብጬ ሳየው የታችኛው ጎማ ደርቆ ተሰንጥቋል፤ ከጎማው የተቆረጠች የጥፍር ስፋት የማትሞላ ቁራጭ አዲሱ ራዲያተር አንገት ላይ ተጣብቃ ተቀምጣለች። ያን ሁሉ ወጪ ያወጣ ሰው ፊት ቆሜ ያችን ቁራጭ ሳሳየው እኔም እንደ እርሱ አዘንኩ። አንገቱን በጨርቅ አጽድቼ ክዳን ቀየርኩለት፤ ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ስንት ጊዜ ተመላልሶ ሙቀት አላየም።

ክዳኑን ሲመረምሩ ጎማውን በጥፍርዎ ጫን ይበሉት፤ ተጭኖ መመለስ አለበት። መሃሉ ላይ ያለችውን ትንሽ ቫልቭ በቀስታ ሳብ ያድርጓት፤ ተከፍታ በራሷ መዘጋት አለባት። ጠዋት የራዲያተሩ የውሃ ጎማ ተጨምድዶ የሚገኘው እርሷ በዝገት ጭቃ ተይዛ ሞተሩ ሲበርድ ከመያዣው ውሃ መልሶ መሳብ ሲያቅተው ነው። አዲስ ሲገዙ በአሮጌው ኦሪጅናል ክዳን ላይ ያለውን ቁጥር ያመሳክሩ፤ 0.9 የሚጠይቅ ራዲያተር ላይ 1.1 መግጠም ደካማ የውሃ ጎማዎችን ሊያፈነዳ ይችላል።

ስለ ኮፒ ዕቃ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። 1.1 ተብሎ የታተመበት አዲስ ክዳን ከነማሸጊያው አምጥተውልኝ በግፊት መለኪያ ስፈትሸው 0.5 እንኳ ሳይደርስ ለቅቋል። ይህንን ዕቃ እያወቀ የሚሸጥ ነጋዴ የሰው ሞተር እያቃጠለ መሆኑን ማወቅ ይገባዋል። መለኪያ ያለው ጋራዥ ውስጥ ሳያስፈትሹ አዲስ ነው ብለው አይመኑ።

የትኩስ ሞተር ክዳን በፍጹም አይክፈቱ፤ በጨርቅ ይዤ ቀስ ብዬ እከፍታለሁ ብለው ፊታቸውን የተቃጠሉ ሰዎች አውቃለሁ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይድፉ፤ ቴስታታው ይሰነጠቃል። መርፌው ተነሥቶ በድንገት ከወረደም ተሻለ ብለው መንገድዎን አይቀጥሉ፤ ውሃው አልቆ መለኪያው በእንፋሎት ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። የጋቢናውን ማሞቂያ ሲከፍቱ ቀዝቃዛ አየር ከመጣ ይህ ጠንካራ ምልክት ነውና ሞተሩን ወዲያውኑ ያጥፉ።

የምንጭ ውሃና የተጣለው ቴርሞስታት

ሾፌሮች በበረሃው ጀሪካን ሙሉ የምንጭ ውሃ እየጨመሩ ይወጣሉ። ለአንድ ቀን ችግር ማለፊያ ነው፤ ለዓመታት ሲሆን ግን ውሃው ውስጥ ያለው ማዕድን የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናል፣ አልሙኒየሙንም ይበላዋል። ደርሰው ሲያርፉ ራዲያተሩን አስጥበው ኩላንት (ዝገት የሚከላከለውን የራዲያተር ፈሳሽ) እና የተጣራ ውሃ እኩል በእኩል ያስሞሉ። በጎደለ ቁጥር ጥሬ ውሃ ብቻ እየጨመረ ኩላንት አለኝ የሚል ባለቤት ራሱን እያታለለ ነው።

ከዚህ የባሰው ቴርሞስታቱን፣ ማለትም ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን ውሃ እንደ ሙቀቱ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ዕቃ፣ አውጥቶ የመጣል ልማድ ነው። ያለ ቴርሞስታት ሞተሩ በጮቄ ብርድ በሚገባው ሙቀት አይሠራም፣ ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱም ቶሎ ይበላሻል። በብዙዎቹ ሞተሮች ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲከፈት አጭሩን የውሃ መተላለፊያ የሚዘጋው እርሱ ራሱ ስለሆነ፣ ሲወጣ ውሃው ራዲያተሩን ትቶ ሞተሩ ውስጥ ይዞርና መኪናዋ ጭራሽ ትሞቃለች። ቴርሞስታቱን በድስት ውሃ አፍልቶ መፈተሽ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ውሃችን 92 ዲግሪ ላይ ስለሚፈላ 82 ላይ መከፈት ጀምሮ 95 ላይ የሚጨርስ ቴርሞስታት ድስቱ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አይከፈትም። ይህንን ያላስተዋሉ መካኒኮች ጤነኛ ዕቃ ሲጥሉ አይቻለሁ።

ሌሎቹ ምክንያቶች

በኅዳርና በታኅሣሥ፣ በጤፍ መውቂያ ወቅት፣ ገለባ በኤሲው ኮንዴንሰርና በራዲያተሩ መካከል ገብቶ አየር ይከለክላል፤ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በዝግተኛ ውሃ ይታጠብ፣ ከፍተኛ ግፊት ያለው ማጠቢያ ክንፎቹን ያጣጥፋቸዋል። የውሃ ፓምፕ ሲበላሽ ብዙውን ጊዜ በማንጠባጠብ ወይም በኩሽኔታ ድምፅ ይታወቃል። የማራገቢያው ሞተር ከተቃጠለ መኪናዋ የምትሞቀው ከዳገቱ ይልቅ ከተማ ውስጥ ቆማ ነው።

ቴስታታው ከተጎዳ

ሞተሩ በርዶ ክዳኑ እንደተከፈተ ሲነሣ ራዲያተሩ ውስጥ ያለማቋረጥ አረፋ ከወጣ፣ የላይኛው የራዲያተር ጎማ ገና ሙቀት ሳይኖር ከደነደነ፣ ወይም ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (ከሥሩ ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሏል። መኪናዋ አትነዳ፤ ተጎትታ ትምጣ። ቴስታታው ሲወርድ ቀጥ ባለ ብረትና በስስ መለኪያ ይለካ፤ ከ0.05 ሚሊ ሜትር በላይ ከጎበጠ የሞተሩ መመሪያ የሚፈቅደው ልክ ታይቶ ቶርኖ ቤት ይስተካከል። አሮጌ ጓርኒሲዮን በሲሊኮን ቀብቶ መመለስ ጥገና አይባልም።

አንዲት መኪና ጓርኒሲዮን ሁለት ጊዜ ተቀይሮላት ለሦስተኛ ጊዜ ወደ እኔ ስትመጣ የመጀመሪያው የተበላሸ ክዳን አሁንም ላይዋ ላይ ነበር። ስለዚህ ቴስታታ በተሠራ ቁጥር ክዳኑና ቴርሞስታቱ አብረው ይቀየሩ፣ በውሃው መስመር ውስጥ የቀረው አየርም ማሞቂያው ተከፍቶ በሚገባ ይውጣ። ለመጀመሪያው ሳምንት በየጠዋቱ፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ የመያዣው ውሃ የት ላይ እንደቆመ በማርከር ምልክት ያድርጉበት፤ መስመሩ ከወረደ ወደ አባይ በረሃ ሳይወርዱ ወደ ጋራዡ ይመለሱ።