በፊልም ልብስ ላይ ያየሁትን የጋሻ አርማ እንዴት እንደለየሁት

እ.ኤ.አ. በ1356 በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል የተካሄደውን የፕዋቲዬ ጦርነት በሚያሳይ ፊልም ውስጥ አንድ ባላባት ከጥሩሩ በላይ የደረበው እጀ ጠባብ ለአራት የተከፈለ ነበር፤ ሁለቱ ክፍሎች በቀይ መደብ ላይ ሦስት ሦስት የወርቅ አንበሶች፣ ሁለቱ ደግሞ በሰማያዊ መደብ ላይ የተበተኑ የወርቅ አበቦች ነበሩባቸው። የማን አርማ እንደሆነ ለማወቅ ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

በምስል መፈለጊያ ስሞክር መልሱ ሁልጊዜ የእንግሊዝ ንጉሥ አርማ ሆነ፤ የለበሰው ሰው ግን ንጉሥ አልነበረም። አንበሶቹን ብቻ ቆርጬ ብፈልግም የተለወጠ ነገር አልነበረም።

የሠራልኝ ፊልሙን ቪኤልሲ (VLC) በተባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ከፍቼ፣ የእንግሊዝኛውን የ«ኢ» (E) ፊደል ቁልፍ እየተጫንኩ ምስሎቹን አንድ በአንድ ማሳለፌ ነው። ባላባቱ ወደ ብርሃኑ ዞር ባለበት ቅጽበት፣ እስከዚያ ድረስ የጨርቅ እጥፋት መስሎኝ የነበረው ከደረቱ በላይ የተጋደመ ነገር፣ ሦስት ዘርፎች ወደ ታች ያንጠለጠለ ነጭ ጥብጣብ ሆኖ ታየኝ። በእንግሊዝ የአርማ ሥርዓት ይህ የበኩር ልጅ መለያ ሲሆን፣ ልጁ የአባቱን ሙሉ አርማ ከዚህ ምልክት ጋር ይለብሳል።

የፈረንሳይ ነገሥታት አርማ የሆኑትን አበቦች ከእንግሊዝ አንበሶች ጋር እ.ኤ.አ. በ1340 ያጣመረው፣ የፈረንሳይ ዙፋን ይገባኛል ያለው የእንግሊዝ ንጉሥ ኤድዋርድ ሣልሳዊ ነው። ስለዚህ ባላባቱ «ጥቁሩ ልዑል» በመባል የሚታወቀው የበኩር ልጁ ኤድዋርድ ነው ማለት ነው። ለማረጋገጥ እንግሊዝ ውስጥ በሚገኘው የካንተርበሪ ካቴድራል ከመቃብሩ ላይ የተጋደመውን ሐውልቱን ፎቶግራፍ አየሁ፤ ያው ባለ ሦስት ዘርፍ ጥብጣብ በሐውልቱ ደረት ላይ ተቀርጿል።