የሱስ ማገገሚያ ማዕከል ከመምረጥዎ በፊት፦ ጥብቅ ሥርዓትንና ጭካኔን እንዴት እንደሚለዩ

ጎንደር ውስጥ ልጁ በአረቄ፣ በጫት ወይም ትራማዶል በተባለው የሕመም ማስታገሻ ክኒን የተያዘበት ቤተሰብ ማገገሚያ ማዕከል መፈለግ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ገንዘቡም ትዕግሥቱም ካለቀ በኋላ ስለሆነ፣ ለተቋሙ የሚያቀርበው የመጀመሪያ ልመና «ብቻ ጠበቅ አድርጉልኝ» የሚል ነው። ልመናው ከጭንቀት የመጣ ቢሆንም ለአንዳንድ ሠራተኞች እንደ ፈቃድ ሊቆጠር ስለሚችል፣ ምን እየፈቀዱ እንደሆነ አስቀድመው ማጣራት ይገባዎታል።

ቦታ ከመፈለግዎ በፊት በሽተኛውን ለሐኪም ያሳዩ፤ ለዚህም በከተማው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ጫት ያቆመ ሰው ይደብተዋል፣ እንቅልፍ ይበዛበታል፣ ቅዠት ያስቸግረዋል እንጂ ሕይወቱ ለአደጋ አይጋለጥም። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ አረቄ ሲጠጣ የኖረ ሰው ግን በድንገት ሲያቆም ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊይዘው፣ ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ደግሞ ሊቃዥና ሊሞትም ይችላል። እንደ ዲያዜፓም ያሉ የማረጋጊያ ክኒኖችን በድንገት ማቋረጥም እንዲሁ አደገኛ ነው። ስለዚህ «እዚህ የገባ ሰው በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም በአንዴ ያቆማል፣ መድኃኒት አንሰጥም» እያለ የሚኩራራ ማዕከል ካጋጠመዎት ሌላ ጥያቄ ሳያነሡ ይመለሱ።

ጭካኔ የሕክምና መልክ የያዘበት ታሪክ ረጅም ነው። በ1958 እ.ኤ.አ. ቻርልስ ዴድሪክ ካሊፎርኒያ ውስጥ የመሠረተው ሲናኖን የተባለ የሱስ ማገገሚያ ድርጅት ነዋሪዎቹን ክብ ሠርተው እንዲቀመጡና ተራ በተራ አንዱን ሰው እየከበቡ እንዲሰድቡት ያደርግ ነበር፤ ለጊዜው ተደንቆ በሌሎች አገሮችም ቢቀዳም፣ በ1978 እ.ኤ.አ. አባላቱ በሚከሳቸው ጠበቃ የፖስታ ሳጥን ውስጥ መርዘኛ እባብ እስከ መክተት ደረሱ፣ በ1991 እ.ኤ.አ. ድርጅቱ ፈረሰ። የሱስ ሕክምና ተመራማሪዎቹ ዊሊያም ሚለርና ዊሊያም ዋይት በ2007 እ.ኤ.አ. የአራት አሥርት ዓመታት ጥናቶችን መርምረው በስድብና በማዋረድ ላይ የቆመ ሕክምና የተሻለ ውጤት እንደሚያስገኝ ማስረጃ እንዳላገኙ ጽፈዋል። በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ 12 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተቋማት ሱሰኞች በግዴታ የሚታሰሩባቸው ማዕከላት እንዲዘጉ በጋራ ጠይቀዋል።

በእርግጥ «እኔን ያዳነኝ ያ ቁጣ ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ፣ ቃላቸውም ሊናቅ አይገባም። ነገር ግን ለምስክርነት የሚቀርቡት የቆዩት ብቻ ናቸው፤ በመሀል ጠፍተው የወጡትንና ተሰባብረው የተመለሱትን ማንም መድረክ ላይ አያወጣቸውም።

ጥብቅ ሥርዓት አይከፋም፤ የመነሻ ሰዓት፣ የጽዳት ተራ፣ የዕቃ ፍተሻና የስልክ ገደብ የሌለበት ማዕከል ለማንም አይረባም። ልዩነቱ በአፈጻጸሙ ላይ ይታያል። ሻንጣው ባለቤቱ ባለበት ተከፍቶ፣ የተወሰደው ዕቃ ተመዝግቦና ተፈርሞበት ከሆነ ሥርዓት ነው፤ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ተዘርግፎ የውስጥ ልብሱ መሳቂያ ከሆነ ግን ማዋረድ ነው። ዱላ፣ ለቅጣት ፀጉር መላጨት፣ ምግብና እንቅልፍ መከልከል፣ ፀሐይ ላይ ማቆምና ማሰር ምንም ስም ቢሰጣቸው ሕክምና አይደሉም። ጠበል ቦታ ለሚወስዱ ቤተሰቦችም ጥያቄው ያው ነው፦ ሰንሰለትና ገመድ አለ ወይ? መድኃኒቱ ያለ ሐኪም ቃል ይቋረጣል ወይ?

ማዕከሉን ሲጎበኙ ከቢሮው አልፈው መኝታ ክፍሉን ለማየት ይጠይቁ፣ ከተቻለም በምሳ ሰዓት ይሂዱ። የበሩ መቀርቀሪያ በውጭ በኩል መሆን አለመሆኑን ይመልከቱ። ሌሊት ማን እንደሚያድር፣ ነርስ መኖሩንና ጥፋት የሠራ ሰው ምን እንደሚደረግ ይጠይቁ፤ «እሱን ለእኛ ተዉት» የሚል መልስ መልስ አይደለም። ከሱስ የዳኑ ሰዎች ምርጥ አጋዦች ሊሆኑ ይችላሉ፣ ትናንት ያገገመ ወጣት የሌላውን ቅጣት የሚወስንበት ቦታ ግን ያሳስበኛል።

ውሉ ላይ ከመፈረምዎ በፊት አዋቂው ታካሚ «ልውጣ» ሲል ምን እንደሚሆን፣ የተከፈለው ገንዘብ እንደሚመለስና ሲታመም ወዴት እንደሚወሰድ በጽሑፍ ያሰፍሩ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 18 ማንም ሰው ከጭካኔና ክብርን ከሚያዋርድ አያያዝ የተጠበቀ መሆኑን ስለሚደነግግ፣ የቤተሰብ ፊርማ ይህን መብት ሊሽር አይችልም።

ከገባ በኋላ ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ሆኖ፣ ሠራተኛ አጠገቡ ተቀምጦ፣ ልጅዎ ሁልጊዜ «ደህና ነኝ፣ አታስቡ» የሚለውን ብቻ የሚደጋግም ከሆነ ሳያስታውቁ ሄደው ለብቻው ያነጋግሩት። የድብደባ ምልክት ካዩ መጀመሪያ ያውጡት፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ አስመርምረው የጽሑፍ ማስረጃ ይያዙ፣ ከዚያም ለፖሊስና ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ያመልክቱ።

ጥሩ ማዕከል ቢያገኙ እንኳ ከመውጫው ቀን በፊት በጎንደር የክትትል ቀጠሮ ያስይዙ። ትራማዶል ወይም ሌላ ኦፒዮይድ (እንደ ሞርፊን ያለ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ) ይወስድ የነበረ ሰው ለሳምንታት ከራቀ በኋላ ሰውነቱ የቀድሞውን መጠን መቋቋም ስለማይችል፣ ወደ ልማዱ ቢመለስ ያው መጠን ሊገድለው ይችላል፤ ይህንን ለራሱም ለቤተሰቡም በግልጽ ይንገሩ፣ እቤት የተረፈ ክኒን ካለም ከመምጣቱ በፊት ያስወግዱ።