የሞጁላር ፍሬም ማዕዘን መጋጠሚያ ሲነደፍ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ሞጁላር ፍሬም በወርክሾፕ ወይም በፋብሪካ በተወሰነ ልክ ተዘጋጅተው ቦታው ላይ ከሚገጣጠሙ ቋሚዎችና አግዳሚዎች የሚሠራ መዋቅር ነው። ከዕቃ መደርደሪያና ከማሽን መቀመጫ ጀምሮ እስከ ባለ ብዙ ፎቅ ተገጣጣሚ ሕንፃ ድረስ መጠኑ ይለያያል፤ የሚወላገድበት ምክንያት ግን ብዙም አይለያይም። ቋሚው ወይም አግዳሚው መሃል ለመሃል ተሰብሮ የሚወድቅ ፍሬም ጥቂት ነው። ችግሩ ብዙውን ጊዜ ከማዕዘኑ ይጀምራል፤ ሲመረመርም ከብረቱ ድክመት ይልቅ በንድፉ ጊዜ ሊመለስ ይገባው የነበረ ጥያቄ ሳይመለስ መታለፉ ይገኛል።

የጎን ግፊቱን ማን እንደሚሸከም ሳይወስኑ መጀመር

ከሁሉም የሚከፋው ስህተት ይህ ነው። አራት ዘንጎች ጫፍ ለጫፍ በፒን (እንደ ማጠፊያ በነጻ በሚያዞር ማያያዣ) ተያይዘው የሠሩት አራት ማዕዘን ከጎን ሲገፋ ያለ ምንም ተቃውሞ ይንጋደዳል፤ ሦስት ማዕዘን ግን የጎኖቹ ርዝመት ካልተለወጠ በቀር ቅርጹን ሊለውጥ አይችልም። እግሮቹ መሠረት ውስጥ ያልተቀበሩ ፍሬም የጎን ግፊትን የሚቋቋምባቸው ዋና መንገዶችም ሦስት ናቸው፦ ማዕዘኑን ራሱን ግትር ማድረግ፣ ሰያፍ ማሰሪያ ማስገባት ወይም ክፍቱን በጠንካራ ሰሌዳ መድፈን። ንድፍ አውጪው ከእነዚህ አንዱን በግልጽ ካልመረጠ ሥራው ሳይታወቅ በማዕዘኑ ላይ ይወድቃል፤ ማዕዘኑ ደግሞ ይህን ሥራ በጣም በውድ ዋጋ ነው የሚሠራው።

ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ ቀላል ስሌት ያሳያል። ስፋቱም ቁመቱም 2 ሜትር የሆነ፣ ሁለቱም እግሮቹ መሬት ላይ በፒን ያረፉ ፍሬም ከላይኛው ጫፉ በ1 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም ከ100 ኪሎ ግራም ክብደት ጋር በሚቀራረብ ኃይል፣ ወደ ጎን ተገፋ እንበል። እያንዳንዱ የላይኛው ማዕዘን 1 ኪሎ ኒውተን ሜትር የሚሆን የማጠፍ ሞመንት (ኃይል ከክንዱ ርዝመት ጋር ተባዝቶ የሚፈጥረው የማዞር ጫና) ይደርስበታል። ማዕዘኑን የያዙት ሁለት ብሎኖች በመካከላቸው ያለው ርቀት 40 ሚሊ ሜትር ብቻ ከሆነ እያንዳንዱ ብሎን 25 ኪሎ ኒውተን መሸከም ይኖርበታል፤ ርቀቱ ወደ 80 ሚሊ ሜትር ሲሰፋ ኃይሉ ወደ 12.5 ኪሎ ኒውተን ይወርዳል። በዚያው ፍሬም ውስጥ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን አንድ ሰያፍ ቢገባ ግን በሰያፉ የሚያልፈው ኃይል 1.41 ኪሎ ኒውተን ያህል ብቻ ነው። ሰያፍ አያምርም ተብሎ ከወጣ በኋላ ብሎኑን በማወፈር ነገሩን ለማካካስ መሞከር ያለው ትርፍ ከዚህ ስሌት በግልጽ ይታያል።

በርግጥ በር ወይም መተላለፊያ ባለበት ሙሉ ሰያፍ ማስገባት አይቻልም። በዚያን ጊዜ ከማዕዘኑ ጥቂት ወረድ ብሎ ተነሥቶ አግዳሚውን የሚደግፍ አጭር ሰያፍ፣ ወይም ማዕዘኑ ላይ የሚገጠም ሰፊ ባለ ሦስት ማዕዘን ላሜራ፣ የኃይሉን ክንድ አስረዝሞ በብሎኖቹ ላይ የሚደርሰውን ይቀንሳል። ሌላው በዚሁ ሥር የሚገባ ጉድለት የፊቱን ገጽ ብቻ አስሮ የጎኑንና የላዩን መርሳት ነው፤ ማዕዘን በሦስት አቅጣጫ የሚገናኝ ነገር ስለሆነ ሦስቱም አቅጣጫዎች ለየብቻ መታየት አለባቸው።

በብሎንና በቀዳዳ መካከል ያለውን ክፍተት መናቅ

ለ12 ሚሊ ሜትር ብሎን 13 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ መብሳት የተለመደ ነው፤ ያለዚያ ክፍሎቹ ቦታው ላይ አይገጥሙም። ይሁን እንጂ ሁለቱም ተጋጣሚ ክፍሎች እንዲህ ከተበሱ በእያንዳንዱ ብሎን ዘንድ አንዱ ክፍል ከሌላው አንጻር ከመሃል ተነሥቶ እስከ 1 ሚሊ ሜትር ድረስ ወደየትኛውም ወገን ሊንሸራተት ይችላል። ብሎኖቹ 80 ሚሊ ሜትር ተራርቀው አንደኛው ወደ ላይ፣ ሌላኛው ወደ ታች ሲንሸራተት መጋጠሚያው በ2 ለ80 ይዞራል፤ ይህም 2 ሜትር ቁመት ባለው ቋሚ ጫፍ ላይ 50 ሚሊ ሜትር መዛነፍ ይሆናል። ብረቱ አንዳች ሳይታጠፍ ይህ ሁሉ ይሆናል ማለት ነው።

መንሸራተቱን የሚከለክለው ብሎኑ ሁለቱን ክፍሎች አጥብቆ ሲይዛቸው የሚፈጠረው ሰበቃ ነው። ስለሆነም በተወሰነ ልክ ማጥበቅ የንድፉ አካል ሆኖ መጻፍ አለበት እንጂ ለገጣጣሚው ክንድ የሚተው ነገር አይደለም። ገጽታዎቹ ወፍራም ቀለም ከተቀቡ ቀለሙ ቀስ በቀስ ስለሚጨፈለቅ ጥብቀቱ ይላላል። ጀርመናዊው መሐንዲስ ጌርሃርድ ዩንከር በ1969 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ዳዶን (ብሎኑ ላይ የሚጠብቀውን ነት) ከሁሉ በላይ የሚያላላው ከብሎኑ ዘንግ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ሠርቶ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ እንቅስቃሴ ነው። ስለዚህ የሚንቀጠቀጥ ማሽን በሚቀመጥበት ፍሬም ላይ መንሸራተት እንዳይኖር ማድረግ ይቀድማል፤ ባለ ስፕሪንግ ሮንዴላ (ከዳዶ ሥር የሚገባ ቀለበት) መጨመሩ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም።

ብሎንን በባዶ ቱቦላሬ ውስጥ አሳልፎ ማጥበቅ

የቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) ግድግዳ ቀጭን ነው፤ ዳዶው በጠበቀ ቁጥር ሁለቱ ግድግዳዎች ወደ ውስጥ ይሰምጣሉ፤ በሰመጡ ቁጥርም ብሎኑ ይላላል። ገጣጣሚው ይህን ሲያይ ደግሞ ያጠብቃል። መፍትሔው ከቱቦላሬው የውስጥ ስፋት ጋር እኩል የተቆረጠ ቧንቧ ብሎኑ በሚያልፍበት ቦታ ውስጥ ማስገባት፣ ወይም ግድግዳውን ከውስጥ በወፍራም ሰሌዳ ማጠናከር ነው።

የዚህ ዓይነቱ መጋጠሚያ ምን ሊያስከትል እንደሚችል በአሜሪካ ካንሳስ ሲቲ በሐያት ሪጀንሲ ሆቴል ሐምሌ 17 ቀን 1981 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የደረሰው አደጋ ያሳያል። በአዳራሹ ውስጥ ሁለት ተንጠልጣይ መተላለፊያዎች አንዱ ከሌላው በታች ነበሩ። የመጀመሪያው ንድፍ ሁለቱንም ከጣራው በሚወርድ አንድ ወጥ ዘንግ ያንጠለጥል ነበር፤ ለሥራ እንዲመች ተብሎ ዘንጉ ለሁለት ተከፈለና የታችኛው መተላለፊያ ከላይኛው አግዳሚ ላይ እንዲንጠለጠል ተደረገ። በዚህ ለውጥ በላይኛው አግዳሚ ሥር ያለው ዳዶ የሚሸከመው ጭነት እጥፍ ሆነ። አግዳሚው ሁለት ቻናሎች (የU ቅርጽ ያላቸው ብረቶች) ፊት ለፊት ተበይደው የሠሩት ባዶ ሳጥን ነበር፤ ዳዶው ብየዳውን ፈልቅቆ ወጣ፤ 114 ሰዎችም ሞቱ። በሥዕል ላይ እዚህ ግባ የማይባል የመጋጠሚያ ለውጥ የጭነቱን መንገድ እንደሚለውጥ፣ እያንዳንዱ ለውጥም እንደገና መሰላት እንዳለበት ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

የመሃል መስመሮችን አለማገናኘትና የመፍቻን ቦታ መርሳት

የቋሚው፣ የአግዳሚውና የሰያፉ የመሃል መስመሮች በአንድ ነጥብ ካልተገናኙ በመካከላቸው ያለው ርቀት ከኃይሉ ጋር ተባዝቶ ተጨማሪ ሞመንት ይፈጥራል። ለመገጣጠም ሲባል ማዛነፍ ግዴታ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ያኔ ተጨማሪው ሞመንት በስሌቱ ውስጥ መግባት አለበት። በሌላ በኩል ከሦስት አቅጣጫ የሚመጡ ብሎኖች ሁሉም በአንድ ነጥብ ማለፍ ስለማይችሉ ከፍና ዝቅ ብለው መደርደር ይኖርባቸዋል፤ ይህ በሁለት ገጽታ በተሣለ ንድፍ ላይ አይታይም።

በተደራረቡ ሞጁሎች (ተዘጋጅተው በሚመጡ የሳጥን ቅርጽ ክፍሎች) በሚሠራ ሕንፃ ውስጥ ጉዳዩ ይብሳል። በመሃል ያለ አንድ ነጥብ ላይ ከታች 4፣ ከላይ 4 ሞጁሎች ሲገናኙ 8 ቋሚዎችና 16 አግዳሚዎች በአንድ ቦታ ይሰበሰባሉ፤ የመጨረሻው ሞጁል ከተቀመጠ በኋላ እጅም መፍቻም የሚገባበት ቀዳዳ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ የመገጣጠሙ ቅደም ተከተል ከመጋጠሚያው ጋር አብሮ መነደፍ አለበት።

በራሱ ክብደት ይቀመጣል ብሎ መተው

የተደራረበ ሞጁል በክብደቱ ብቻ ሲታሰር ወደ ታች ያለውን ጭነት ይሸከማል፤ ነፋስ ሲያነሣውና ፍንዳታ ወይም ግጭት ሲገፋው ግን የሚይዘው ነገር የለም። ለንደን ውስጥ ሮናን ፖይንት የተባለው ባለ 22 ፎቅ ተገጣጣሚ ሕንፃ በግንቦት 1968 (እንደ አውሮፓውያኑ) በ18ኛው ፎቅ ላይ በደረሰ የጋዝ ፍንዳታ አንድ ማዕዘኑ ከላይ እስከ ታች ሲወርድ፣ የኮንክሪት ሰሌዳዎቹ እርስ በርስ የተያዙበት መጋጠሚያ ደካማ መሆኑ ታወቀ። በአንጻሩ የመርከብ ኮንቴነር ማዕዘን ትምህርት አለው፦ 178 በ162 በ118 ሚሊ ሜትር የሆነው የማዕዘኑ ብረት ከጣራው ትንሽ ከፍ ስለሚል ጭነቱ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ብቻ ይወርዳል፤ በቀዳዳዎቹ የሚገባው ተሽከርካሪ መቆለፊያም መነሣትንና መንሸራተትን ይከለክላል።

ብየዳ፣ ውሃና የተለያዩ ብረቶች

ስለ ብየዳ ሁለት ነገር ይበቃል። የተበየደ ማዕዘን ሲቀዘቅዝ ወደተበየደበት ወገን ይሳባል፤ ስለዚህ አስቀድሞ በነጥብ ይያዛል፣ በስኳድራ (በቀጥ ያለ ማዕዘን መለኪያ) ይለካል፣ ከዚያም ጎን እየተለዋወጠ ይበየዳል። በሙቀት የጠነከረ አሉሚኒየም ደግሞ በብየዳው አካባቢ ጥንካሬውን ወደ ግማሽ ሊያጣ ስለሚችል፣ የማጠፍ ሞመንት ከፍተኛ በሆነበት ማዕዘን ላይ መበየድ አይመከርም። ውጭ የሚቆም የአሉሚኒየም ፍሬም በማይዝግ ብረት ብሎን ሲታሰር በመካከላቸው የፕላስቲክ ሮንዴላ ይገባል፤ ያለዚያ እርጥበት ባለበት አሉሚኒየሙ ይበላል። የቱቦላሬው ዝቅተኛ ጫፍም የውሃ መውጫ ቀዳዳ ያስፈልገዋል።

አንዱን ማዕዘን ሳይሞክሩ ሁሉንም ማምረት

የግማሽ ዲግሪ ስህተት በ3 ሜትር ርዝመት ላይ 26 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ሞጁሎች ሲደጋገሙ ስህተቱም አብሮ ሊደመር ይችላል። ስለዚህ ብዙ ከመመረቱ በፊት አንድ ፍሬም ተገጣጥሞ ከላይ በታወቀ ኃይል ወደ ጎን ይገፋና መዛነፉ ይለካል፤ ኃይሉ ሲለቀቅም እንደገና ይለካል። ፍሬሙ ወደ ቦታው ከተመለሰ የታየው የብረቱ መለጠጥና መታጠፍ ነው፤ ሰያፍ በመጨመር ወይም ክፍሉን በማወፈር ይስተካከላል። ተዛንፎ ከቀረ ግን መጋጠሚያው ተንሸራቷል ወይም ቱቦላሬው ሰምጧል፤ በዚህ ጊዜ አግዳሚውን ማወፈር ምንም ስለማይረዳ ቀዳዳውን፣ የብሎኑን ጥብቀትና የግድግዳውን ውፍረት መፈተሽ ይገባል።