በሜትርና በጠመኔ የሚሠራ የፊት ጎማ አላይመንት

ከአላይመንት (የጎማ አቋም ማስተካከያ) ማዕዘኖች ቤት ውስጥ አምነን የምንነካው ቶ የሚባለውን ብቻ ነው፤ ሁለቱ የፊት ጎማዎች ከፊት በኩል ምን ያህል እንደተጠጋጉ ወይም እንደተራራቁ ማለት ነው። ካምበር (ጎማው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ያዘነበለው) እና ካስተር (ጎማው ሲጠመዘዝ የሚዞርበት መስመር ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ያዘነበለው) ለማሽኑ ይቆዩ። ደግነቱ ጎማን ቶሎ የሚበላው ብዙውን ጊዜ ቶ ነው።

መጀመሪያ ጎማውን በክሪክ አንስታችሁ ግራና ቀኝ ጠርዙን በመያዝ ወዝውዙት። ከተንቀጫቀጨ ብዙውን ጊዜ ታይሮዱ፣ ማለትም ከመሪው ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግ፣ አልቋል፤ እሱ ሳይቀየር የተሠራ አላይመንት ኮብልስቶን ላይ ሁለት ቀን አይቆይም። ንፋሱንም እኩል አድርጉ።

ደልዳላ ወለል ላይ፣ መሪው ቀጥ ብሎ፣ መኪናውን 3 ወይም 4 ሜትር ወደፊት ነድታችሁ አቁሙ። ወደ ኋላ ሄዶ የቆመ መኪና ልክ አይሰጥም። በሁለቱ የፊት ጎማዎች የኋላ ገጽ፣ ጥርሱ መሐል ላይ፣ በእኩል ቁመት በጠመኔ ምልክት አድርጉና በመካከላቸው ያለውን ርቀት ለኩ። ከዚያ ምልክቶቹ ዞረው ከፊት በዚያው ቁመት እስኪመጡ መኪናውን ወደፊት ግፉና እንደገና ለኩ። ያው ምልክት ስለሚለካ ቸርኬው ቢጣመምም አያሳስትም። ከኋላ የተለካው በ1 ወይም 2 ሚሊሜትር ከበለጠ በፊት ጎማ ለሚነዳ ብዙ አውቶሞቢል ደህና ነው፤ ቁርጡ ግን የመኪናው መጽሐፍ ላይ ያለው ነው።

ልክ ካልሆነ መሪውን ጠምዝዙ፤ ታይሮዱ ብዙ ጊዜ ያለ ክሪክ ይደረሳል። የነበረበትን ቦታ በነጭ ቀለም ምልክት አድርጉ። የታይሮዱን ጫፍ በአንድ ቁልፍ ይዛችሁ መቆለፊያ ዳዶውን (ባብዛኛው የ19 ወይም የ22 ቁልፍ) ፍቱ። የታይሮዱን የውስጥ ጫፍ የሚሸፍነውን የላስቲክ ከረጢት ማሰሪያ አላሉ፣ አለዚያ ከዘንጉ ጋር ተጠምዝዞ ይቀደዳል፣ አቧራም ይገባል። ታይሮዱ ከአክሱ (ከጎማዎቹ መሐል መስመር) ኋላ ከሆነ ዘንጉን አዙሮ ማስረዘም ጎማዎቹን ከፊት ያጠጋጋል፤ ከአክሱ ፊት ከሆነ ተቃራኒው ነው። ሩብ ዙር ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ስለሚለውጥ በትንሹ ሂዱ፣ ግራና ቀኙን እኩል አዙሩ፣ በየጊዜው ነድታችሁ ለኩ።

ቶው ልክ ሆኖ ቀጥ ባለ መንገድ መሪው ወደ ቀኝ ካጋደለ፣ ዘንጉ ከኋላ በሆነ መኪና የቀኙን አሳጥራችሁ የግራውን በዚያው ልክ አስረዝሙ። ዳዶውን ካጠበቃችሁ በኋላ አንዴ ለኩ፤ ሲጠብቅ ዘንጉን ይዞት መዞር ይወዳል።